ደቦው በፈቃድ ነው፤ በሦስት ሰዓት

[ሐምሌ በገባ ቁጥር ሃያ አራት ተማሪዎች በመርከብ ወደ ደሴታችን ይመጡ ነበር። በአሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጠው ስለ ነፃነት፣ ስለ ንብረት፣ መንግሥት ምን ይሥራ ምን ይተው ስለሚባለው ነገር ይማራሉ። ወጥ ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ቦርግሂል እባላለሁ፣ ስሜን ሲያነሱት ትሰማላችሁ። ዓመቱን ረስቼዋለሁ፤ ዝናብ ያልነበረበት ሐምሌ መሆኑን ግን አልረሳም። ድንች ለመላጥ የምቀመጥበት ደረጃ ከአንድ መስኮት ሥር ነው፣ የመስኮቱ ማጠፊያ ዝጓል፣ አይዘጋም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች አሉ። ቶርግሪም የኦስሎ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ። ኦድቫር ፊዮርድ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ጥግ የመጣ የበግ አርቢ ልጅ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው። እንዲያ ነበር የምንለው። የመጨረሻው ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። በሦስት ሰዓት የጀልባ ቤቱን ለመቀባት ደቦ ተጠርቷል።]

ቶርግሪም፦ አልሄድም አልኩህ እኮ!

ኦድቫር፦ እሺ። የትኛውን ሱሪ ትለብሳለህ?

ቶርግሪም፦ አልሄድም ማለት ሱሪ አልመርጥም ማለት ነው።

ኦድቫር፦ አሮጌውን ልበስ። ቀለሙ ቀይ ነው፤ አይለቅም።

ቶርግሪም፦ ኦድቫር፣ እስቲ ወደ እኔ ዙር። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ምን ይላል?

ኦድቫር፦ «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት የጀልባ ቤት ደቦ። በፈቃደኝነት።»

ቶርግሪም፦ መጨረሻዋን ድገማት።

ኦድቫር፦ በፈቃደኝነት።

ቶርግሪም፦ ምን ማለት ነው?

ኦድቫር፦ በሦስት ሰዓት ማለት ነው።

ቶርግሪም፦ አይደለም! ከፈለግሁ እሄዳለሁ፣ ካልፈለግሁ እቀራለሁ ማለት ነው።

ኦድቫር፦ ልክ ነህ።

ቶርግሪም፦ እና እኔ ካልፈለግሁስ?

ኦድቫር፦ ካልፈለግህ ትንሽ ቀደም ብለህ ትሄዳለህ። ቶሎ እንዲያልቅልህ።

ቶርግሪም፦ [አልጋው ላይ ተነስቶ እየተቀመጠ] ቆይ፣ በሥርዓት እንሂድ። ብቀር ማን ይቀጣኛል?

ኦድቫር፦ ማንም።

ቶርግሪም፦ ማን ይቆጣኛል?

ኦድቫር፦ ኧረ ማንም አይቆጣህም።

ቶርግሪም፦ ምሳ ይከለክሉኛል?

ኦድቫር፦ ቦርግሂል? እንዲያውም ድንች ይጨምሩልሃል።

ቶርግሪም፦ ታዲያ ምን ይመጣብኛል?

ኦድቫር፦ ምንም።

ቶርግሪም፦ ይኸው! ምንም!

ኦድቫር፦ እኛ መንደር አንድ ሰውዬ የመንገድ ደቦ ቀርተው ነበር፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። ማንም ምንም አላላቸውም።

ቶርግሪም፦ አየህ? ማስገደድ የለም። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው።

ኦድቫር፦ እስካሁንም ምንም አላላቸውም። «ደህና አደሩ» እንኳ።

ቶርግሪም፦ ... አንተ አሁን ስንት ዓመትህ ነው?

ኦድቫር፦ ሃያ ሁለት።

[ቶርግሪም ወረቀቶቹን ከትራሱ ሥር ያወጣል።]

ቶርግሪም፦ እኔን ያ አይመለከተኝም። እኔ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ ንግግር አለብኝ። ለአንድ ዓመት ለንደን ሄዶ የሚማረው ሰው ዛሬ ነው የሚታወቀው፣ አንድ ሰው ብቻ። ይሄ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሃያ ስድስት የሞላው አይወዳደርም፤ እኔ ደግሞ በመስከረም ሃያ ስድስት እሞላለሁ። ዛሬ ካለፈኝ አለፈኝ ነው። ይገባሃል?

ኦድቫር፦ ይገባኛል። ተኝተህም ትናገረዋለህ።

ቶርግሪም፦ ምን ብዬ?

ኦድቫር፦ «የተከበራችሁ» ትላለህ። ከዚያ ታንኮራፋለህ።

ቶርግሪም፦ እናቴ ለአክስቶቼ ሁሉ ነግራለች። ሻንጣ ሳይቀር ተዘጋጅቷል። አምናም ካች አምናም ከእኔ የተሻለ ንግግር ያደረገ አልነበረም፤ ይህን ጠላቴም አይክደውም። ማን ተመረጠ? አምና ማስታወሻው ከእጁ ወድቆ ግማሹን የረሳ ልጅ! ካች አምና ስለ ንብ ቀፎ ግብር ያወራች ልጅ! ለምን? እስካሁን ያልገባኝ እሱ ነው።

ኦድቫር፦ አምና ደቦው ምን ነበር?

ቶርግሪም፦ አጥር መሰለኝ። አልሄድኩም፣ ንግግሬን ሳስተካክል ነበር።

ኦድቫር፦ ካች አምናስ?

ቶርግሪም፦ የመርከብ ማቆሚያው ጣውላ። ምን አገናኘው?

ኦድቫር፦ ምንም። ጥሩ ጣውላ ነው። ከመርከብ ስወርድ ረግጬዋለሁ።

ቶርግሪም፦ አንተ ደግሞ! እኔ ስለ ለንደን እነግረዋለሁ፣ እሱ ጣውላ ይረግጣል። ለመሆኑ ያንተ ንግግር ስለ ምንድን ነው?

ኦድቫር፦ ስለ መርከብ። መንግሥት መርከቡን ሐሙስ ሐሙስም እኛ መንደር እንዲያቆምልን።

ቶርግሪም፦ ወይ ጉድ! ሦስት ሳምንት የሕዝብ ፖሊሲ ተምረህ? የእኔ ርዕስ «መንግሥት ከመርከብ ሥራ ይውጣ» ነው። ስድሳ ገጽ።

ኦድቫር፦ ከወጣ በኋላ መርከቡ ሐሙስ ይመጣል?

ቶርግሪም፦ ፈላጊ ካለ ይመጣል።

ኦድቫር፦ እኔ አለሁ።

ቶርግሪም፦ አንድ ሰው ፈላጊ አይባልም።

ኦድቫር፦ አክስቴም አለች።

[ቶርግሪም ጣሪያውን ያያል። ከታች አንድ ሰው መሰላል ሲጎትት ይሰማል።]

ቶርግሪም፦ እሺ፣ ከሥሩ ላስረዳህ። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም። የጀልባ ቤቱ ቀለም ለምን ረገፈ? ባለቤት ስለሌለው።

ኦድቫር፦ የረገፈው በባሕሩ በኩል ያለው ነው። ጨው በልቶት ነው።

ቶርግሪም፦ ጨው ምልክቱ ነው! በሽታው ባለቤት ማጣት ነው።

ኦድቫር፦ የእኛ ጀልባ ቤት ባለቤት አለው፣ አባቴ። የእሱም በባሕሩ በኩል ረግፏል።

ቶርግሪም፦ እንግዲያ አባትህ ቸል ብለውታል ማለት ነው።

ኦድቫር፦ ልንገረው?

ቶርግሪም፦ እንዳትነግራቸው!

ኦድቫር፦ እሺ። ጫማህስ? ጫማም አሮጌ ይሻላል።

ቶርግሪም፦ ሰውዬ፣ ሃያ ሦስት ሰው ወጥቶ እየቀባ የእኔ አለመኖር በምን ይታወቃል?

ኦድቫር፦ ብሩሹ ሃያ አራት ነው። አንዱ ደረቅ ሆኖ ይውላል።

[ቶርግሪም ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ድንገት ጣቱን ያነሳል።]

ቶርግሪም፦ አገኘሁት! አንተ አሮጌ ቀለም መፋቅ ትችላለህ፣ እኔ መናገር እችላለሁ። ሥራ መከፋፈል ይባላል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተምረነዋል።

ኦድቫር፦ እኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የቦርግሂልን የጓዳ በር ስጠግን ነበር።

ቶርግሪም፦ አሁን ተማረዋ! የእኔን ድርሻ አንተ ትሠራለህ፣ እኔ በምትኩ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ። አንተም ትጠቀማለህ፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ብሩሹም አይደርቅም። ማንም ማንንም አላስገደደም።

ኦድቫር፦ ጥሩ ነው።

ቶርግሪም፦ ምን ትፈልጋለህ?

ኦድቫር፦ ምንም።

ቶርግሪም፦ ምንም የሚባል ነገር ገበያ ላይ የለም። አንድ ነገር ፈልግ።

ኦድቫር፦ [ረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ] ዋፍል።

ቶርግሪም፦ የምን ዋፍል?

ኦድቫር፦ ደቦ ላይ ቦርግሂል ዋፍል ይጋግራሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት፣ በቡናማ አይብና በማርማላታ። ያንተን ሁለት ለእኔ።

ቶርግሪም፦ ተስማማን! አራት ሰዓት ሥራ በሁለት ዋፍል! አየህ፣ ሰው መማር ያለበት ለዚህ ነው።

ኦድቫር፦ አንድ ጥያቄ ብቻ። ኃላፊዋ ቱሪድ የስም ዝርዝር ይዘው ይቆማሉ። «ቶርግሪም» ብለው ሲጠሩ አንተ የለህም።

ቶርግሪም፦ አንተ «አቤት» ትላለህ። ውክልና ነው። ግማሹን ሰዓት እንደ ራስህ ትሠራለህ፣ ግማሹን እንደ እኔ።

ኦድቫር፦ እንደ አንተ ስሠራ በአንተ ፍጥነት ነው?

ቶርግሪም፦ ምን ለማለት ነው?

ኦድቫር፦ ሰኞ ዕለት ሳህን ስታጥብ አይቼሃለሁ። በዚያ ከሄድን ግድግዳው ለገና ነው የሚደርሰው።

ቶርግሪም፦ በራስህ ፍጥነት ሥራ!

ኦድቫር፦ እንግዲያው አንተን አልመሰልኩማ።

ቶርግሪም፦ ምሰለኝ አላልኩህም፣ ወክለኝ ነው ያልኩህ!

ኦድቫር፦ ስለ ነፃነት ቢጠይቁኝስ? አንተን የሚጠይቁ መስሏቸው?

ቶርግሪም፦ እኔ የምለውን በላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጆሮህ ሲንቆረቆር የከረመውን።

ኦድቫር፦ ረጃጅሞቹን ቃላት አልያዝኳቸውም።

ቶርግሪም፦ አጫጭሮቹን በላቸው እንግዲህ! መፋቂያ ይዞ የቆመን ሰው ማን ቁም ነገሬ ብሎ ይሰማዋል? ይልቅ አሁን በጽሑፍ እናድርገው።

ኦድቫር፦ ዋፍሉን?

ቶርግሪም፦ ዋፍሉንም ቢሆን። ውል የነፃነት አጥር ነው።

ኦድቫር፦ የአጥሩ ቀን አልሄድኩም አላልክም?

ቶርግሪም፦ ዝም በልና ስማ። [እየጻፈ ያነባል] «እኔ ቶርግሪም፣ ዛሬ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ደቦው እስኪያልቅ ድረስ በእኔ ስም እንዲሠራ ኦድቫርን ወክዬዋለሁ። በምላሹም ሁለት ዋፍል...»

ኦድቫር፦ ሦስት ቢሰጡኝስ? ቦርግሂል ለሠራ ሰው ይጨምራሉ።

ቶርግሪም፦ ሦስትም ቢሆን ያንተ ነው።

ኦድቫር፦ የአንተ ቡናስ?

ቶርግሪም፦ ያንተ!

ኦድቫር፦ ማርማላታ ተርፎ «ለቶርግሪም ውሰድለት» ቢሉኝስ?

ቶርግሪም፦ ኡፍ! አንድ በአንድ ስንዘረዝር ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። ጥሩ ውል አጭር ነው። ይሄን ልሰርዘውና እንዲህ ልበል። «በጀልባ ቤቱ በቶርግሪም ስም የሚሰጥ ማንኛውም ነገር፣ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ የኦድቫር ነው። ቶርግሪም ወደፊትም ይገባኛል አይልም።»

ኦድቫር፦ ማንኛውም ነገር?

ቶርግሪም፦ ማንኛውም።

ኦድቫር፦ አልበዛም?

ቶርግሪም፦ ኦድቫር፣ የጀልባ ቤት እኮ ነው! ምን ሊሰጡህ ይችላሉ?

ኦድቫር፦ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ሦስተኛው አንተ ነህ።

ቶርግሪም፦ ስለዚህ እመነኝና ፈርም።

[ቶርግሪም ይፈርማል፤ ኦድቫርም ፊደሉን አንድ በአንድ እየሳለ ይፈርማል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከታል። ይወጣል። ከኮሪደሩ ድምፁ ይሰማል።]

ኦድቫር፦ «ቶርግሪም!» ... አቤት። ... «ቶርግሪም!» ... አቤት።

[ለአራት ሰዓት ያህል ከክፍሉ «የተከበራችሁ» ሲባል፣ ከባሕሩ ዳር ደግሞ ሲሳቅ ይሰማ ነበር። እኔ የዋፍሉን ብረት ተሸክሜ ወርጄ ተመልሻለሁ፤ የምሳው ድንች ይቀረኛል። ሰባት ሰዓት ላይ ኦድቫር ይገባል። እስከ ክርኑ ቀይ ነው። ደረቱ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በትልቁ «ቶርግሪም» ተጽፎበታል።]

ቶርግሪም፦ ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ኦድቫር፦ አንተ ነህ።

ቶርግሪም፦ አንሳው!

ኦድቫር፦ ደቦው አላለቀም። የሰሜኑ ግድግዳ ቀርቷል። ለምሳ ነው የተበተንነው።

ቶርግሪም፦ እንዴት ዋላችሁ ታዲያ?

ኦድቫር፦ ደህና። ኦድቫር የደቡቡን ግድግዳ ፋቀ። አምስት ሰዓት ላይ ጨረሰ። ከዚያ ቶርግሪም መጥቶ የምዕራቡን ፋቀና ቀባ።

ቶርግሪም፦ ሰው ምን አለ?

ኦድቫር፦ «ቶርግሪም ዘንድሮ ተለውጧል» አሉ።

ቶርግሪም፦ [ፈገግ ብሎ] እንዲያ አሉ?

ኦድቫር፦ ቶርግሪም መሰላል ያዘላቸው። ከቱሪድ ጋር ባልዲ ተሸከመ። ቀለም የተደፋባትን ልጅ ጫማ አጠበላት።

ቶርግሪም፦ እኔ ጫማ እጠብ አላልኩም!

ኦድቫር፦ አላልክም። በፈቃዱ ነው ያጠበው።

ቶርግሪም፦ ዋፍልህን አገኘህ?

ኦድቫር፦ አራት። ሁለቱ የቶርግሪም ናቸው። የቶርግሪም ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር፤ መጀመሪያ የኦድቫርን በላሁ። ስበላ ነው የጠየቁኝ።

ቶርግሪም፦ ምን ብለው?

ኦድቫር፦ «እስቲ ቶርግሪም፣ ነፃነት ምንድን ነው?» አሉኝ። እየሳቁ ነው።

ቶርግሪም፦ አንተስ?

ኦድቫር፦ አንተ የምትለውን አልኳቸው። «ነፃነት ሰው ሳይገደድ ሲመጣ ነው። ሳይገደድ የሚመጣ ሰው ከበዛ መንግሥት ሥራ ይቀልለታል። ካልመጣ መንግሥት ራሱ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ዋፍል አይጋግርም።» ከዚያ ሳቁን ተዉት።

ቶርግሪም፦ ይሄን እኔ አላልኩም።

ኦድቫር፦ ብለሃል። አንተ አርባ ደቂቃ ፈጀብህ እንጂ።

ቶርግሪም፦ በቃ? ሌላ ነገር የለም?

ኦድቫር፦ የለም። ከዚያ ቱሪድ ባዶ የቀለም ጣሳ አዞሩና ሁሉም ቁራጭ ወረቀት ከተተ።

ቶርግሪም፦ ለምን?

ኦድቫር፦ ለለንደኑ።

[ቶርግሪም የያዘው ወረቀት መሬት ይወድቃል። አያነሳውም።]

ቶርግሪም፦ የለንደኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው! አዳራሽ ውስጥ! ከንግግሩ በኋላ!

ኦድቫር፦ እዚያ የሚነገረው ነው። የሚመረጠው ዋፍል ላይ ነው። ሁልጊዜም እንዲያ ነው አሉ፤ የሚመርጡት ሊቀቡ የመጡት ናቸው።

ቶርግሪም፦ የት ተጽፎ?

ኦድቫር፦ አልተጻፈም።

ቶርግሪም፦ ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ኦድቫር፦ እኔም ለምን አልተነገረውም ብዬ ቦርግሂልን ጠየቅኋቸው። «ከነገርነውማ ለለንደን ብሎ ይመጣል» አሉኝ።

[ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።]

ቶርግሪም፦ [አልጋው ላይ ተዘርሮ] አለቀልኝ። ለእናቴ ምን እላታለሁ?

ኦድቫር፦ አሸነፈ በላት።

ቶርግሪም፦ ማን?

ኦድቫር፦ ቶርግሪም። ከሃያ አራቱ ወረቀት አሥራ ዘጠኙ «ቶርግሪም» ይላል።

ቶርግሪም፦ [ቀስ ብሎ እየተነሳ] ለምን «ኦድቫር» አላሉም?

ኦድቫር፦ ኦድቫር አምስት ሰዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ዋፍል ላይ የነበረው ቶርግሪም ነው።

ቶርግሪም፦ ቆይ፣ ሃያ ሦስት ሰው እያላችሁ ሃያ አራት ወረቀት ከየት መጣ?

ኦድቫር፦ ሁለት ጣልኩ። ውክልና አለኝ ብዬ ቱሪድን አስፈቅጃቸዋለሁ።

ቶርግሪም፦ እንደ እኔ ሆነህ ማንን መረጥክ?

ኦድቫር፦ አንተን። ሌላ ሰው አትመርጥም ብዬ ነው።

ቶርግሪም፦ እንደ ራስህስ?

ኦድቫር፦ ቦርግሂልን።

[ድንቹ ከእጄ አመለጠ። ቶርግሪም ግን አልጋው ላይ ቆሟል፣ የአልጋው ሽቦ ይጮኻል።]

ቶርግሪም፦ አሸነፍኩ! ክፍሌ ተቀምጬ፣ እጄ ቀለም ሳይነካ! ያልኩህ ይሄን አልነበረም? ሰው ሁሉ የሚችለውን ይሥራ! ይሄ ንግግሬ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያው ላይ! ሻንጣዬን አምጣልኝ፣ ከአልጋው ሥር ነው!

ኦድቫር፦ ቱሪድ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ።

ቶርግሪም፦ ምን?

ኦድቫር፦ «የትኛው ቶርግሪም ነው የሚሄደው?» አሉ። ወረቀት አለ አልኳቸው።

ቶርግሪም፦ የምን ወረቀት?

[ኦድቫር ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ያወጣል። ቀይ የጣት አሻራ አለበት።]

ኦድቫር፦ [እያነበበ] «በጀልባ ቤቱ በቶርግሪም ስም የሚሰጥ ማንኛውም ነገር፣ ምንም ዓይነት ቢሆን...»

ቶርግሪም፦ እሱ ስለ ዋፍል ነው!

ኦድቫር፦ ዋፍል የሚለውን ሰርዘኸዋል። ይኸው መስመሩ።

ቶርግሪም፦ ሐሳቤ ዋፍል ነበር! አንተም ታውቃለህ!

ኦድቫር፦ «ውል የሚነበበው በተጻፈው እንጂ በታሰበው አይደለም» ያልከው አንደኛው ሳምንት ላይ ነው። ያን ጊዜ በር አልጠግንም ነበር፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ቶርግሪም፦ ... ቱሪድ ምን አሉ?

ኦድቫር፦ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «በጣም በደንብ የተጻፈ ውል ነው» አሉ። «ሦስት ሳምንት ስለ ውል ያስተማርንበት ቤት ውስጥ ይሄን ብናፈርስ ያሳፍረናል» አሉ።

ቶርግሪም፦ እና ለንደን ያንተ ነው?

ኦድቫር፦ እንደ ውሉ።

ቶርግሪም፦ «ወደፊትም ይገባኛል አይልም» የሚለውን ማነው ጨምር ያለኝ?

ኦድቫር፦ ማንም። በፈቃድህ ነው የጨመርከው።

[ቶርግሪም ከአልጋው ይወርዳል። መስኮቱ ጋ መጥቶ ይቆማል። አይቶኛል፤ እኔ ድንቹን አየሁ። ያኔ የፊቱ ነገር አሁንም ድረስ አለ ዓይኔ ላይ።]

ቶርግሪም፦ ትሄዳለህ?

ኦድቫር፦ ወዴት?

ቶርግሪም፦ ለንደን ነዋ!

ኦድቫር፦ መስከረም ላይ በጎቹ ከተራራ ይወርዳሉ። የአባቴ ጉልበት ዘንድሮ ደህና አይደለም። አልሄድም።

ቶርግሪም፦ እንግዲያ ለእኔ ስጠኝ!

ኦድቫር፦ ውሰደው።

ቶርግሪም፦ በምን ልውሰደው? ምን ትፈልጋለህ?

ኦድቫር፦ ምንም።

ቶርግሪም፦ ምንም የሚባል ነገር ገበያ ላይ... [ያቆማል]

[ኦድቫር ከደረቱ ላይ ፕላስተሩን ቀስ አድርጎ ያነሳና ቶርግሪም ደረት ላይ ይለጥፈዋል። እንዳይነሳ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል።]

ኦድቫር፦ ጥሩ ተይዟል። የሰሜኑ ግድግዳ እንደቀረ ነው።

ቶርግሪም፦ የሰሜኑን ከቀባሁ ለንደን እሄዳለሁ ማለት ነው?

ኦድቫር፦ እንዲያ አላልኩም። እንዲያ ከሆነ ግዴታ ይሆናል።

ቶርግሪም፦ ባልቀባስ ምን ይሆናል?

ኦድቫር፦ ምንም።

[ቶርግሪም ኦድቫርን ያየዋል። ከዚያ ሻንጣውን ይከፍታል። አዲሱን ሸሚዝ፣ አዲሱን ኮት፣ ክራቫቱን ወደ ጎን እያደረገ ከሥር አሮጌ ሱሪ ይጎትታል።]

ቶርግሪም፦ ቀለሙ አይለቅም ነው ያልከኝ?

ኦድቫር፦ አይለቅም።

ቶርግሪም፦ ንግግሬስ? መቼ ልለማመደው?

ኦድቫር፦ መሰላሉ ላይ። አጫጭሮቹን ቃላት ብቻ ያዝ፤ ሁለቱም እጅህ ሥራ አለበት።

[ይወጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ የቆመው ሰው እጁ ቀይ ነበር፣ አፍንጫውም። የተናገረው አራት ደቂቃ ነው። ቱሪድም ስሙን ጠሩት፤ «አቤት» ያለው ግን ከኋላ ወንበር ኦድቫር ነው፣ ለምዶበት።

ያ ትምህርት ቤት አሁን ተዘግቷል። የጀልባ ቤቱ የሰሜን ግድግዳ እስከ መጨረሻው ከአራቱ ሁሉ የከፋ ነበር፤ ቀለሙ እንባ እንደፈሰሰበት ፊት ነው። እኔ ስላልፈቀድኩ ማንም አላስተካከለውም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ከለንደን የቶርግሪም ካርድ ደረሰኝ። ስለ ለንደን አንድ ቃል የለበትም። «ዘንድሮ ደቦው በስንት ሰዓት ነው?» ይላል። «በፈቃድ ነው» ብዬ ጻፍኩለት፣ ሌላ አልጨመርኩም።

የደቦው ቀን፣ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ራሱ ደረሰ። አሮጌውን ሱሪ ለብሷል።]